ግራ እጅ ለሸራ፣ ቀኝ እጅ ለግራሶ

የባሌ አባት መኪና የሚመረምሩት በጆሯቸው ነው። ቅዳሜ ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ገና ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ከጋዜጣው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «የኋላ ቀኝ ነው» አሉ።

«ምኑ አባባ?»

«የፍሬን ሸራው። አልቆ ብረት ለብረት እየተፋጨ ነው። የግራውም ቢሆን ብዙ አልቀረውም።»

ሲጥ ሲጥ የሚለውን ድምፅ እኔም ሰምቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሬዲዮውን ከፍ እያደረግኩ ሳልፈው ነው የከረምኩት። ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ፣ ሕመሙን በማስታገሻ ሸፋፍኖ የሚመጣ በሽተኛ ላይ የምጮኸው እኔ፣ የራሴን መኪና በዘፈን ሳክማት ነበር። አፈርኩ። እሳቸው ግን ጋዜጣቸውን አጠፉ፣ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱና «ሱቅ ሳይዘጋ እንሂድ» ብለው ተነሡ።

ቤታችን ከአንድ ረጅም ቁልቁለት አናት ላይ ነው። ቁልቁለቱ የሚያልቀው ከባድ መኪናዎች የሚመላለሱበት አስፋልት ላይ ሲሆን፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት ከአስፋልቱ ማዶ ነው። በየቀኑ ጠዋት ሁለቱን ሴት ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ፣ ቀበቷቸውን አስሬ፣ እግሬን ከፍሬኑ ሳላርቅ ነው የምወርደው። ታች ስደርስ መኪናዋ መቆም አለባት። ብትቆም ጥሩ ነው የሚባል ነገር አይደለም፤ መቆም አለባት።

አማቴ አርባ ዓመት የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። እዚያ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ «ዳኛው» ነበር የሚባሉት። አንድ አውቶቡስ ይውጣ ወይስ ይደር የሚለውን የመጨረሻ ቃል የሚናገሩት እሳቸው ስለነበሩ ነው። ባሌ ልጅ ሆኖ ጋራዡ ሲሄድ ያየውን እስከ ዛሬ ያወራል። ሥራ አስኪያጁ ተሳፋሪ ተሰልፏል እያለ ይጮሃል፤ አባቱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ይጩህ፤ እሱ ስለጮኸ የሚሞት ሰው የለም» ይሉና ከአውቶቡሱ ሥር ተመልሰው ይገባሉ።

እኔም የማውቃቸው እንደዚያው ነው። አዲስ ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ጊዜ ዘመድ አዝማዱ ከእግሬ እስከ ራሴ ሲለካኝ፣ እሳቸው ብቻ ናቸው «መንዳት ትችያለሽ?» ብለው የጠየቁኝ። አልችልም ነበር። በዚያው ቁልቁለት ላይ፣ በአሮጌ መኪናቸው፣ በሦስት ወር አስተማሩኝ። የጎረቤታችንን የፀጉር አስተካካዩን አጥር ገጭቼ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ወረዱ፣ አጥሩን ከግራም ከቀኝም አዩት፣ ተመልሰው ገቡና «ድሮም ጠማማ ነበር» አሉ።

ይህን የማወራው አንድ ነገር እንዲገባችሁ ነው። እኔ ምላሴ የማያርፍ ሰው ነኝ። የተሳሳተ ማዘዣ ሲመጣልኝ ሐኪሙ ማንም ይሁን ማን ደውዬ እመልሳለሁ። አንዴ አንድ ትልቅ ስፔሻሊስት ስልኩ ውስጥ «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» ሲለኝ «መጠኑን የማነብ ሰው ነኝ» ብዬዋለሁ። ባሌ ከእኔ ጋር ክርክር ሳይጀምር ነው የሚደክመው። እሳቸው ፊት ስሆን ግን ምላሴ ይታሰራል። ፍርሃት አይደለም። በጣም ስለምወዳቸው፣ ከእኔ አፍ የወጣ ነገር ቅር እንዲያሰኛቸው አልፈልግም። ይሉኝታ ነው እንግዲህ፤ ሌላ ስም ብፈልግለት አላገኘሁም።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ካርቶን አስከፍተው ሦስቱንም መለሱ። የአንዱ ሸራ ጠርዙ ተሸርፏል፣ የሌላው ከጀርባ ብረቱ ጋር በደንብ አልተጣበቀም፣ የሦስተኛውን ምክንያት አልተናገሩም። ባለ ሱቁ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከኋላ አንዱ ሾፌር «ዳኛው እኮ ናቸው» ሲለው ወንበር አመጣላቸው። አራተኛውን ካርቶን ይዘን ወጣን።

እሁድ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ግቢያችን ውስጥ ሥራው ተጀመረ። ባሌ የሒሳብ መምህር ነው፤ ስለ መኪና የሚያውቀው በር መክፈትና መዝጋት ስለሆነ ፎቶ እንዲያነሣ ተፈቀደለት። ፀጉር አስተካካዩ ደረቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ቆመ፤ እሁድ ሥራ ስለማይኖረው የሰው ሥራ ያያል። እኔ ባትሪ ያዥ ሆንኩ።

«እዚያ ውስጥ ጨለማ ነው» አሉኝ አማቴ፣ ወደ ጎማው እያመለከቱ። «እጄ ያለበት ሁሉ ብርሃኑ ይኑር።»

«እሺ አባባ።»

ሲሠሩ ጥድፊያ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፉ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ። የኋላውን ጎማ ብሎኖች መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች ትንሽ ትንሽ አላሏቸው። ከዚያ በክሪክ አነሷት፣ ሥሯ መደገፊያ ብረት አስገቡ፣ በትከሻቸው ገፋ ገፋ አድርገው ሞከሯት። የፈቱትን ብሎን ሁሉ በቤንዚን አጥበው፣ አድርቀው፣ ነጭ ጨርቅ ላይ በወጣበት ተራ ይደረድሩታል። እኔ መድኃኒት ስቆጥር እንኳ እንደዚያ አልጠነቀቅም።

ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከግራና ከቀኝ በሁለት ሸራ ጨብጦ የሚይዝ እንደ መንጋጋ ያለ ብረት አለ። እሱን ፈትተው ካነሡ በኋላ እንዳይንጠለጠል በሽቦ ከላይ አሰሩት።

«ለምን ያስሩታል?» አለ ባሌ።

«የዘይቱ ቱቦ ነው የያዘው። አንተን በአንገትህ ባንጠለጥልህ ደስ ይልሃል?»

አሮጌው ሸራ ሲወጣ የጥፍር ያህል እንኳ ውፍረት አልቀረውም። ለባሌ ሰጡት፤ አገላብጦ ፎቶ አነሣው። ያንን ይዤ ነው ልጆቼን ሁለት ሳምንት ያመላለስኩት።

«አሁን ሸራውን የሚጫነውን ፒስተን በትልቅ መቆንጠጫ ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከአጥሩ በላይ። የፊት ፍሬን ሲቀየር አይቶ ኖሮ በሙሉ ልቡ ነው የሚናገረው።

«የፊቱን ልክ ነህ» አሉት። «የኋላው ግን አይገፋም። የእጅ ፍሬኑ ከእሱ ጋር ስለተያያዘ እንደ ብሎን እየዞረ ነው የሚገባው። በግድ ከገፋኸው ውስጡን ትሰብረዋለህ።»

«ይሄን ደግሞ እንዴት አወቁት?»

«ሰብሬው።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። እሳቸው አልሳቁም፤ እውነቱን ነው የተናገሩት። በሁለት እጃቸው መሣሪያውን ይዘው ፒስተኑን በዝግታ እያዞሩ አስገቡት። በየመሀሉ ባሌን እየላኩ የፍሬን ዘይቱ ሞልቶ እንዳይፈስ ያስጠብቁታል። ባሌም አንድ ሥራ በማግኘቱ ደረቱን ነፍቶ ይመላለስ ጀመር።

ከዚያ እኔ የምወደው ክፍል መጣ። አማቴ አንድ ሕግ አላቸው፤ ግራሶ የሚነካው ቀኝ እጅ ብቻ ነው፣ አዲስ ሸራ የሚነካው ግራ እጅ ብቻ ነው። ግራሶው ብረት በብረት ላይ በሚንሸራተትበት ቦታ፣ በሸራው የጀርባ ብረት ጆሮዎች ላይ፣ ትንሽ ትንሽ ያስፈልጋል። የሸራውን ፊት ከነካ ግን ሸራው ይጠጣዋል። ግራሶ የጠጣ ሸራ ዲስኩን አይዝም፤ እግርህን ስትጭን ያንሸራትትሃል። ስለዚህ ቀኝ እጃቸው ሲቀባ ግራ እጃቸው ሸራውን በጠርዙ ይዞ አየር ላይ ይጠብቃል። ሁለቱ እጆች ተራቸውን ያውቃሉ። አንዱ የሌላውን ሥራ ሲነጥቅ አይቼ አላውቅም፤ እጃቸውን ሳይ ሁልጊዜ ያስቀናኛል።

የቀኙን ጎማ እንዲህ ጨረሱ። አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ፤ የግራ ክንዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ነበር የሚሠሩት። ቁጢጥ ማለቱ አድክሟቸው መሰለኝ።

ወደ ግራው ጎማ ዞርን። ያው ሥራ፣ ያው ተራ። ፒስተኑን አዙረው ካስገቡ በኋላ በቀኝ እጃቸው ግራሶውን ነኩ፣ በግራ እጃቸው የውስጠኛውን ሸራ አነሡ። ያን ጊዜ ግራ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትንሽ አይደለም። ሸራው ከጣታቸው አምልጦ ጨርቁ ላይ ወደቀ። ቀና ብለው ዙሪያቸውን ቃኙ። ባሌ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብሏል፤ ፀጉር አስተካካዩ ስልክ እያወራ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት፣ እጄ ላይ ባትሪ ይዤ፣ ብርሃኑን በቀጥታ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ አድርጌ።

አንጀቴን በላው። እንዳላየሁ ለመሆን ባትሪውን ወደ ጎን አዞርኩና ብሎኖቹን የምቆጥር መሰልኩ።

ባትሪውን ስመልስ ሸራውን በቀኝ እጃቸው አንሥተው ወደ ቦታው እያስገቡት ነበር። በቀኝ እጃቸው፣ ግራሶ በነካው። ከዲስኩ ጀርባ ከመግባቱ በፊት ለአንድ አፍታ የሸራው ጥቁር ፊት ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። የአውራ ጣት አሻራ ነበር።

ልናገር ብዬ ባትሪውን ብቻ አስተካክዬ ያዝኩላቸው። ሌላውንም ሸራ አስገቡ፣ መንጋጋውን መለሱ፣ ብሎኖቹን አጠበቁ፣ ጎማው ገባ፣ መኪናዋ ወረደች። ከዚያ መሪው ጋ ተቀምጠው ፔዳሉ ጠንከር እስኪል ደጋግመው ረገጡት። ሁሉም ነገር በወጉ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ዘግቶ «እጅዎ ይባረክ! ዳኛው እኮ ዳኛው ናቸው!» እያለ አጨበጨበ። ባሌ አባቱን ከመኪናዋ ጋር አቁሞ ፎቶ አነሣቸው። ግራ እጃቸው የቱታቸው ኪስ ውስጥ ነበር።

ምሳ ቀረበ። እኔ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም። ትልቋ ልጄ አያቷ ጭን ላይ ተደግፋ «ነገ መኪናችን አይጮህም አይደል?» ስትላቸው «አይጮህም» አሏት። እውነት ነው፤ አይጮህም። ግራሶ የነካው ሸራ ምን ብሎ ይጮሃል?

ያን ሰዓት ውስጤ ያሰብኩትን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ለባሌ ልንገረው አልኩ፤ ለእሱ ከነገርኩት ደግሞ እንደ ሒሳብ ጥያቄ በሁሉም ፊት ይዘረዝረዋል። ነገ ጠዋት በድብቅ ወደ ሌላ ጋራዥ ልውሰዳት አልኩ። እሱን ሳስበው ፊቴ ጋለ። አርባ ዓመት አውቶቡስ ሲመጣላቸው የኖሩትን ሰው ሥራ፣ የገዛ ምራታቸው ሰርቃ ሌላ መካኒክ ዘንድ ስትወስድ! እንዲያውም ትንሽ ነገር አግዝፌ ይሆናል፣ አንድ አሻራ ምን ያመጣል እስከ ማለት ደረስኩ። ይሄን የምለው እኔ ነኝ። በአንድ ሚሊግራም ስፔሻሊስት የምመልሰው እኔ።

ትንሿ ልጄ ሳሎኑ ውስጥ በወንበር መኪና ሠርታ አሻንጉሊቷን ከኋላ አስቀምጣ «ቀበቶሽን እሰሪ» ስትላት ሰማሁ። ተነሣሁ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነበር።

አማቴ ጓሮ ባለችው ክፍላቸው ውስጥ በቀኝ እጃቸው ብቻ መሣሪያዎቻቸውን እየጠረጉ ነበር። በሩን አንኳኳሁና ገባሁ። እንዳልመለስ ብዬ ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«አባባ፣ የግራው ጎማ የውስጠኛው ሸራ ግራሶ ነክቶታል። ፊቱን። ሲገባ አይቻለሁ።»

የሚጠርጉትን ቁልፍ አስቀመጡ። የሆነውን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየሄዱ እንደሚያስታውሱት ፊታቸው ላይ ይነበባል። ከዚያ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ተንቀጠቀጠ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ብሎኖች አብረውት ተንቀጫቀጩ።

«ስድስት ወሩ ነው» አሉ።

«ሐኪም አይቶታል?»

«አላየውም። አንቺም እንዳታዪው ነበር የምደብቀው። መድኃኒቱን ሁሉ ስለምታውቂ ወዲያው ስም ታወጪለታለሽ ብዬ።»

ስም አላወጣሁለትም። «አብረን እንሄዳለን» አልኳቸው።

«እንሄዳለን» አሉ። ተነሡ። «አሁን ግን ባልሽን ጥሪው። ያንን አጥር የተደገፈውንም ጥሪው።»

«አባባ፣ ለምን? እኛ ሁለታችን ብቻ ልንሠራው…»

«ሲሠራ ያዩት ሲፈታም ይዩት።»

ጠራኋቸው። አማቴ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ድንጋዩን፣ የእጅ ፍሬኑን፣ ክሪኩን። ማንም አልቀለደም። ሸራውን በጠርዙ አውጥተው ፊቱን ወደ ብርሃን አዞሩት። አሻራቸው ከነመስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ግራ እጄ እምቢ አለኝ፤ በቀኜ አነሣሁት። ከዛሬ ጀምሮ ግራ እጄ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እወቁት።» እጃቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። እንዲንቀጠቀጥ ተዉት። ባሌ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። አባቱን እንደዚያ ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ።

«አባዬ፣ በቤንዚን ጥርግ አድርገን…» አለ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ላዩን ትጠርገዋለህ። የጠጣውን ማን ያስተፋዋል?»

«ትንሽ ነገር እኮ ናት፣ ዳኛው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ሊያጽናናቸው።

«አውራ ጣቴን ታክላለች» አሉት። «አውቶቡስ ቢሆን አላስወጣውም። እነዚያ ሁለቱ ልጆች ከአውቶቡስ ተሳፋሪ ያንሳሉ?»

ሸራውን አጥሩ ሥር ወዳለው የቆሻሻ በርሜል ወረወሩትና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ስንት የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ ስህተቱን ስታሳየው ወረቀቱን የሚደብቅ፣ ጸሐፊዋ ላይ የሚያላክክ፣ ዓመት የሚያኮርፍ። ስሙ ያለው እጁ ላይ ብቻ የሆነ ሰው፣ ያንን እጅ በሰው ፊት እንዲህ ከፍ ሲያደርግ ግን አይቼ አላውቅም። ያን ዕለት በአማቴ ኮራሁ። ኩራቱ የራሴ ሥራ የሆነ ይመስል አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የቆምኩት።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ከአባታቸው ጋር በእግር ወረዱ። ትንሿ በየመንገዱ ድንጋይ እየለቀመች ሁለቱንም አስረፈደቻቸው። እኔ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና አማቴን ይዤ በታክሲ ሱቁ ሄድን፤ ያን ቀን ገና የመጀመሪያው ካርቶን እንደተከፈተ ተስማሙ። ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ቱታቸውን አውጥተው ሰጡኝ። እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፍኩት።

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ያ መምህር?»

ትንሽ ወንበር አምጥተው ከጎማው አጠገብ ተቀመጡ። ባትሪውን በቀኝ እጃቸው ያዙ። ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ በግልጽ ይንቀጠቀጣል፤ ኪስም፣ መደበቂያም የለውም። እኔ ፈታሁ። በተራ ደረደርኩ። ስሳሳት «እ?» ይላሉ፤ ያኔ ቆም ብዬ የሠራሁትን አያለሁ። ሦስት ጊዜ «እ?» አሉኝ። ቀኝ እጄ ግራሶ ሲነካ ግራ እጄን አየር ላይ አቆምኩት፤ እንደ እሳቸው አላማረበትም፤ ተማሪ መልስ አውቃለሁ ብሎ እጁን እንዳወጣ ነው የሚመስለው። ሸራው ሲገባ ብርሃኑ ከጣቴ ጋር አብሮ ገባ። አንድም ጊዜ ጨለማ ውስጥ አልተዉኝም።

ጎማውን መልሼ ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩት። መጀመሪያ እስከ ወለሉ ነበር የሚሰምጠው፤ እየቆየ ጠነከረ። እሳቸው አጠገቤ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ።

«ውረጂ።»

ቁልቁለቱን ወረድኩ። መሀል ላይ «ያዢ» ሲሉኝ ያዝኩ፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። ለቀቅኩ፣ ደግሞ ያዝኩ። ታች አስፋልቱ ጋ ስንደርስ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከፊታችን አልፎ መስታወቱን አርገበገበው። እኛ ቆመናል። ድምፅ የለም፣ መንሸራተት የለም። ሳቅኩ። ወደ እሳቸው ዞርኩ፤ እሳቸው አልሳቁም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «እጄ ነው እንጂ ዓይኔ ደህና ነው። አሻራውን እንዴት ሳላየው አስገባሁት ብዬ ስብሰለሰል ነው የዋልኩት። ሸራውን ሳነሣ ጨለማ ነበር።»

ሳቄ ደረቀ።

«ባትሪው የት ነበር?»

ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። መለስኩት። «አዞርኩት አባባ። እጅዎ ሲንቀጠቀጥ እንዳየሁ እንዳይሰማዎት ብዬ። እንዳያፍሩ ብዬ።»

«ከዚያስ? አይተሽው እስክትነግሪኝ ምሳ ተበልቷል።»

«አዎ።»

«ለእኔ ብለሽ?»

«ለእርስዎ ብዬ።»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እኔ እንዳላፍር ብለሽ ልጆችሽን እዚህ ድረስ፣ እዚህ አስፋልት ድረስ፣ ፍሬን በሌለው መኪና ልታወርጂ ነበር! ባትሪ ያዢ ያልኩሽ እንድታሳዪኝ ነው እንጂ እንድትሸፍኚኝ ነው? እጄ ቢንቀጠቀጥ 'አባባ እጅዎ ይንቀጠቀጣል' አትዪኝም? ምን እሆናለሁ? እሞታለሁ?» ትንፋሽ ወሰዱ። ድምፃቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። «ሁለተኛ እንደዚህ አታክብሪኝ።»

«እሺ አባባ።»

«ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

ከኋላችን አንድ መኪና ጡሩንባ ነፋ። ማርሽ ለማስገባት እጄን ዘረጋሁ፤ ማርሹን ስቼ ጉልበቴን ያዝኩ። አማቴ እጄን አዩት። ዓይናቸውን አላነሡም።

«እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው» አሉ። «የኋላውን መኪና ይለፍ በይው። ትንሽ ቆይተን እንሄዳለን።»